ከቁልቁለቱ በፊት የሚደረግ ልኬት፦ የተሽከርካሪ ቻርጅ ሥርዓት የቮልቴጅ ጉድለት በጉለሌ መንገዶች

መግቢያ

ጉለሌ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ በእንጦጦ ተራራ ሥርና ገጽ ላይ የተዘረጋ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውም ሆነ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ወደ ሱሉልታ የሚሻገረው መንገድ ሲሄዱበት ረጅም ዳገት፣ ሲመለሱበት ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚውል አሽከርካሪ ባትሪው ሲደክምበት መኪናውን ፊቱን ወደ ቁልቁል አዙሮ ማቆምን ያውቅበታል። ጠዋት ፍሬኑ ይለቀቃል፤ መኪናው ጥቂት ተንከባሎ ማርሽ ሲገባበት ሞተሩ ይነሣል። ዘዴው የዕለቱን ሥራ ያስጀምራል፤ ነገር ግን ባትሪው ለምን እንደ ደከመ አይናገርም። ጉድለቱ ተሸፍኖ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

የሚተላለፈው ጣጣ ደግሞ ሞተር አለመነሣት ብቻ አይደለም። በከተማዋ ለረጅም ዘመን በታክሲነት ካገለገሉት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች መካከል በናፍጣ የሚሠሩት ቶዮታ ሃይስ መኪኖች ጉልህ ስፍራ አላቸው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በተባሉት የእነዚህ መኪኖች ሞተሮች ላይ የፍሬን ማገዣውን አየር የሚመጠው ቫኪዩም ፓምፕ በዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ሲሆን፣ የሚዞረውም በዲናሞው ዘንግ ነው። ስለዚህ የዲናሞው ቺንጋ ቢበጠስ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይቋረጣሉ፤ ባትሪው መሞላቱን ያቆማል፣ ፍሬኑም እገዛውን ያጣል። ከእንጦጦ በሚወርድ መኪና ላይ የቻርጅ ጉዳይ የፍሬን ጉዳይ ነው።

ሌላው ምክንያት ኢኮኖሚያዊ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በእጅ ያለው መኪና ይበልጥ በተወደደበትና ለረጅም ዓመታት እንዲያገለግል በተፈለገበት በዚህ ጊዜ፣ ጤነኛ ዲናሞ በግምት አውልቆ ሌላ መግዛት ቀላል ኪሳራ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የቻርጅ ሥርዓት ጉድለት በተራ መልቲሜትር እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ ያብራራል። ዋናው መከራከሪያው አንድ ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ባትሪ ላይ በሚነበብ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሁለት ነጥቦች መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም ራሱን የሚገልጠው ሥርዓቱ ጭነት ሲኖርበት ነው።

የሥርዓቱ አሠራር

በጋራዥ ቋንቋ ዲናሞ የሚባለው አልተርኔተር በቺንጋ አማካይነት ከሞተሩ ኃይል ይወስዳል። በውስጡ የሚሽከረከረው ሮተር በካርቦኖችና በቀለበቶች በኩል ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲደርሰው ማግኔት ይሆናል፤ በዙሪያው ባለው ጥቅል ሽቦ ላይም አቅጣጫው የሚቀያየር ፍሰት ያመነጫል። ዳዮዶች ይህን ፍሰት ባትሪ ሊቀበለው ወደሚችል ባለ አንድ አቅጣጫ ፍሰት ይለውጡታል። ሬጉሌተሩ ደግሞ ወደ ሮተሩ የሚሄደውን ፍሰት እያበዛና እየቀነሰ ቮልቴጁን በ14 አካባቢ ይጠብቃል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ባትሪ ለመሞላት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ፣ ብዙ ሬጉሌተሮች በብርድ ጊዜ ልኩን ትንሽ ከፍ፣ በሙቀት ጊዜ ዝቅ ያደርጉታል።

የዲናሞው ፑሊ ከሞተሩ ፑሊ ያነሰ በመሆኑ ዲናሞው ከሞተሩ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይዞራል። ያም ሆኖ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በሚኒሞ ሲሠራ ዲናሞው በላዩ ከተጻፈው የአምፒር መጠን እጅግ ያነሰ ነው የሚያመነጨው። ይህ ነጥብ ተሳፋሪ በመጠበቅ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ብዙ ጊዜውን ቆሞ ለሚያሳልፍ ታክሲ ትልቅ ትርጉም አለው።

ባትሪን የሚጨርሰው ደጋግሞ ሞተር ማስነሣት ነው የሚለው እምነት በሒሳብ ሲፈተን ብዙ አይጸናም። ሞተሪኖው ለ4 ሰከንድ 300 አምፒር ቢወስድ ከባትሪው የወጣው 0.33 አምፒር-ሰዓት ያህል ነው፤ በ10 አምፒር ቢሞላ በሁለት ደቂቃ ገደማ ይመለሳል። በአንጻሩ በክረምት ምሽት የፊት መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና የአየር ማራገቢያ በአንድነት 20 አምፒር እየወሰዱ፣ ቺንጋው የላላበት ዲናሞ በሚኒሞ 14 አምፒር ብቻ ቢሰጥ፣ የጎደለው 6 አምፒር ከባትሪው ይወጣል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 3 አምፒር-ሰዓት ይጎድላል፤ ይህም ሞተሩን ዘጠኝ ጊዜ ከማስነሣት ጋር እኩል ነው።

የመጀመሪያው ልኬት፦ ሞተሩ ጠፍቶ

ምርመራው ከባትሪው ይጀምራል፤ የደከመ ባትሪ የሌሎቹን ልኬቶች ሁሉ ያዛባልና። መኪናው ለብዙ ሰዓታት ቆሞ ከሆነ ልኬቱ በቀጥታ ይወሰዳል፤ ገና ከጉዞ ከተመለሰ ግን የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ ያህል አብርቶ ማጥፋትና ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል። አለዚያ በባትሪው ላይ የቀረው ጊዜያዊ ቮልቴጅ ባትሪውን ከልኩ በላይ የሞላ አስመስሎ ያሳያል።

ባለ ስድስት ክፍል የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል ነው፤ 12.0 ሲደርስ ሩቡ ቢቀረው ነው። የመልቲሜትሩ ጫፎች መንካት ያለባቸው ራሱን የባትሪውን የእርሳስ ዋልታ ነው፤ በዋልታው ላይ የታሰረውን ማያያዣ አይደለም። የዚህ ጥንቃቄ ጥቅም በሚቀጥለው ልኬት ይታያል።

ሁለተኛው ልኬት፦ ሞተሩ ሲነሣ

አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው የባትሪውን ቮልቴጅ ያነብባል። በመጠነኛ የአየር ሙቀት፣ ሙሉ የነበረ ባትሪ ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ቆሞ 12.6 ያሳየው ባትሪ እዚህ ላይ ወደ 8 ወይም 7 ከወረደ ባትሪው ከውስጥ ደክሟል። ቆሞ 12.1 ብቻ ያሳየ ከነበረ ግን ፍርዱ ይቆያል፤ በመጀመሪያ በመሙያ ተሞልቶ እንደገና መፈተን አለበት። ስላልተሞላ ብቻ የወደቀ ባትሪና አርጅቶ የወደቀ ባትሪ በመልክ አይለዩም።

ሦስተኛም ሁኔታ አለ። ሞተሪኖው አልዞር ብሎ የባትሪው ቮልቴጅ ግን 12.3 ላይ ቢቆይ፣ ባትሪው ኃይል እንዲሰጥ አልተጠየቀም ማለት ነው፤ መንገዱ ላይ የተቋረጠ ነገር አለ። ያን ጊዜ አንዱ ጫፍ በዋልታው፣ ሌላው በማያያዣው ላይ ሆኖ ቁልፉ ሲዞር መለኪያው ጥቂት ቮልት ካሳየ፣ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ባለው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ነው። መድኃኒቱም ማጽዳትና አጥብቆ ማሰር እንጂ አዲስ ባትሪ አይደለም።

ሦስተኛው ልኬት፦ ሞተሩ እየሠራ

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የባትሪው ቮልቴጅ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.6 መሆን አለበት። በመጀመሪያ ያለ ጭነት በሚኒሞ፣ ቀጥሎ የፊት መብራቱና ማራገቢያው በርተው፣ በመጨረሻም ከነጭነቱ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ከፍ ብሎ ይለካል። ኮምፒዩተር ቻርጁን በሚቆጣጠርባቸው አዳዲስ መኪኖች ቁጥሩ እንደ ሁኔታው ከዚህ ዝቅና ከፍ ሊል ስለሚችል የአምራቹ መመሪያ ይቀድማል። ውጤቱ ከሦስት በአንዱ ይመደባል።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ሞተሩ ጠፍቶ ከነበረው አልተነቃነቀም ወይም እየወረደ ነው። ይህ ጨርሶ አለመሙላት ነው። በቅድሚያ የሚታየው ቺንጋው ነው፤ የላላ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጎኑ እንደ መስታወት ያበራ ቺንጋ ፑሊው ላይ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት መብራቱ ይታያል። በብዙ ዲናሞዎች ሮተሩን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ፍሰት በዚያች አምፖል በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ የአምፖሏ ወይም የፊውዟ መቃጠል ጤነኛውን ዲናሞ ሥራ ፈት ሊያደርገው ይችላል። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ነው ወደ ካርቦኖቹና ወደ ሬጉሌተሩ የሚኬደው።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከ13 እስከ 13.5 ባለው ውስጥ ነው፤ ጭነት ሲጨመር ደግሞ ይወርዳል። ብዙ ዲናሞ ያለ ጥፋቱ የሚወልቀው በዚህ ክፍል ነው፤ ማብራሪያው በሚቀጥለው ክፍል ቀርቧል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ከ15 በላይ ነው። ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ወይም የባትሪውን ቮልቴጅ ለሬጉሌተሩ የሚያሳውቀው ቀጭን ሽቦ ዝጎ የተሳሳተ ዝቅተኛ ቁጥር እያደረሰው ነው። የባትሪ ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጎድልበትና አምፖል በተደጋጋሚ የሚቃጠልበት መኪና በዚህ ሊጠረጠር ይገባል።

የናፍጣ መኪና አሽከርካሪ አንድ የተለየ ነገር ማወቅ ይኖርበታል። የቤንዚን ሞተር ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ሲያጣ ይንገዳገዳል፤ በኋላም ይቆማል። የቀድሞው ዓይነት የናፍጣ ሞተር ግን የነዳጅ መዝጊያውን ክፍት አድርጎ ከሚይዘው ጥቂት ኃይል በቀር ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ፣ ዲናሞው ከሞተ በኋላም ለሰዓታት ይሠራል። ሞተሩ እየሠራ መሆኑ ስለዚህ ቻርጁ ለመኖሩ ምስክር አይሆንም።

የጎደለው ቮልት የት ቀረ?

ከዲናሞው የሚወጣ ፍሰት በአንድ በኩል በወፍራም ገመድ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ዋልታ ይደርሳል፤ ከኔጋቲቭ ዋልታው ተነሥቶም በሻንሲው፣ በሞተሩና ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ገመድ በኩል ወደ ዲናሞው አካል ይመለሳል። መሄጃውም መመለሻውም እኩል አስፈላጊ ናቸው። በልማድ ግን ዓይን የሚያርፈው በመሄጃው ላይ ነው።

ምሳሌ ይወሰድ። መብራትና ማራገቢያ በርተው፣ ሞተሩ በ2,000 ዙር እየሠራ ዲናሞው ጀርባ ላይ፣ በመውጫ ብሎኑና በዲናሞው አካል መካከል 14.3 ቮልት ይነበባል፤ ባትሪው ላይ ግን 13.1 ብቻ ነው። ባትሪው ላይ ብቻ የለካ ሰው ዲናሞውን ደካማ ብሎ ይፈርድበታል። ሁለቱንም የለካ ግን ዲናሞው ጤነኛ እንደሆነና 1.2 ቮልት በመንገድ እንደቀረ ያውቃል። ቀጣዩ ጥያቄ በየትኛው መንገድ የሚል ነው። የመለኪያው አንድ ጫፍ በዲናሞው መውጫ ብሎን፣ ሌላው በባትሪው ፖዘቲቭ ዋልታ ላይ ሲሆን 0.2 ቮልት ቢያሳይ መሄጃው ደህና ነው። አንዱ ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ሌላው በኔጋቲቭ ዋልታው ላይ ሲሆን ቀሪውን 1.0 ቮልት ቢያሳይ ጥፋቱ በመመለሻው ነው። በጥሩ ይዞታ ላይ ባለ መኪና በጭነት ጊዜ የመሄጃው ልዩነት ከ0.3፣ የመመለሻው ከ0.2 ቮልት ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ ወዲያ የመለኪያው ጫፍ ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ እየተሻገረ ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ይፈለጋል፤ ለምሳሌ ሞተሩን ከሻንሲው በሚያገናኘው ገመድ ሥር፣ ሞተር ወርዶ ሲታሰር ሳይጠብቅ በቀረ ወይም በክረምት ጭቃ በዛገ ብሎን ላይ።

ይህን ጉድለት ሞተሩን አጥፍቶ በኦም መለኪያ መፈለግ የማያዋጣበት ምክንያት በቀላል ሒሳብ ይታያል። በኦም ሕግ መሠረት 40 አምፒር ሲያልፍ 1.0 ቮልት የሚያስቀር መጋጠሚያ ሬዚስታንሱ 0.025 ኦም ነው። የተራ መልቲሜትር ሽቦዎች ራሳቸው ከዚህ የበለጠ ሬዚስታንስ ስላላቸው መሣሪያው ልዩነቱን አያየውም፤ መጋጠሚያውን ደህና ነው ይላል። ያው መጋጠሚያ ግን በሥራ ላይ 40 ዋት ያህል ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ጭነት ሳይኖር የተለካ መንገድ፣ ጭነት ሲመጣ ስለሚሆነው ነገር አይመሰክርም።

በጋራዥ አካባቢ አንዳንድ ጊዜ የሚታይ ሌላ ፍተሻ አለ፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ሞተሩ ይጠፋ እንደሆነ ማየት ነው። ይህ ልማድ መተው አለበት። ባትሪው በድንገት ሲለይ የዲናሞው ቮልቴጅ ለቅጽበት ወደ ብዙ አሥር ቮልት ሊዘልል ይችላል፤ ዳዮዶችን፣ ሬጉሌተሩንና ኮምፒዩተሩን ለማቃጠል ያ ቅጽበት ይበቃል። ፍተሻው ጤነኛውን ዲናሞ ራሱ ያበላሸዋል።

ሌሊት የሚፈስ ኃይልና የዘይት ምልክት

ልኬቶቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ባትሪው ጠዋት ባዶ የሚገኝ ከሆነ ኃይሉ ሌሊት እየፈሰሰ ነው። አምፒር መለኪያ በኔጋቲቭ ዋልታውና በገመዱ መካከል ሲገባ፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ ከ50 ሚሊአምፒር ብዙ መብለጥ የለበትም። 500 ሚሊአምፒር የሚፈስበት መኪና በቀን 12 አምፒር-ሰዓት ያጣል፤ 60 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአራት ቀን አንድ አምስተኛው ብቻ ይቀረዋል። ፊውዞች አንድ በአንድ እየተነሡ ፍሰቱ የሚቆምበት መስመር ይታወቃል። በየትኛውም ካልቆመ ተጠርጣሪው ራሱ ዲናሞው ነው፤ የተበላሸ ዳዮድ ሌሊት ፍሰቱን ወደ ኋላ ያሳልፋልና። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ መልቲሜትሩ በተቀያያሪ ቮልቴጅ ላይ ሆኖ ባትሪው ይለካል፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የዳዮድ ጉድለት ይጠረጠራል።

ቫኪዩም ፓምፑ በዲናሞው ላይ ባለባቸው የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ አንድ በዓይን የሚታይ ምልክት አለ። ፓምፑ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው። የዘይት መከላከያው ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ውስጥ ገብቶ ካርቦኖቹንና ቀለበቶቹን ይበክላል። እንዲህ ባለ ዲናሞ ላይ ካርቦን ብቻ መለወጥ ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ከማራዘም አያልፍም፤ ምንጩ ጎማው ነው።

ከፍታውና ፍሬኑ

የጉለሌ ከፍታ በሁለት መንገድ ወደ ሒሳቡ ይገባል። በ2,500 ሜትር የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ዲናሞ ዳገት ላይ ሙቀቱን ለማስወጣት የሚያገኘው አየር ስስ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የፍሬኑ ነገር ነው። የፍሬን ማገዣ ኃይሉን የሚያገኘው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ ባለው ባዶነት መካከል ካለው ልዩነት ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን፣ በ2,500 ሜትር 75፣ በ3,000 ሜትር 70 ያህል ብቻ ነው። ፓምፑ ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳ ማገዣው በእንጦጦ አናት ላይ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛ በባሕር ወለል ከሚሰጠው ሦስት አሥረኛ ያህል ያንሳል።

በዚህ ላይ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ ፓምፕ ሲጨመር የሚቀረው መጠባበቂያ ትንሽ ነው። ማገዣው ውስጥ የተጠራቀመው ባዶነት ፓምፑ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ፍሬን መያዣ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ባይጠፋም ፔዳሉ ይከብዳል፤ መኪናውን ለማቆምም በጣም ጠንካራ ግፊት ይጠይቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልቁል በሚንከባለል መኪና ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። መግቢያው ላይ የተጠቀሰው መኪናን አንከባሎ የማስነሣት ዘዴ ስለዚህ እገዛ በሌለው ፍሬን የሚደረግ አጭር ጉዞ ነው። በናፍጣ ሚኒባስ ላይ በጉዞ መካከል የባትሪው ምልክት ቢበራ፣ በተለይ የፍሬኑ ፔዳል መክበድ ከጀመረ፣ አሽከርካሪው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ቺንጋውን ማየት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የቻርጅ ሥርዓት ምርመራ ቅደም ተከተል አለው፤ ባትሪው ቆሞ፣ ባትሪው ሞተር ሲያስነሣ፣ ዲናሞው ከነጭነቱ ሲሠራ፣ በመጨረሻም በመሄጃውና በመመለሻው ላይ የሚቀረው ልዩነት። ዕቃ የሚለወጠው ከእነዚህ ልኬቶች በኋላ ነው። ቁጥሮቹ ከቀኑ ጋር በወረቀት ቢመዘገቡ ቀጣዩ መካኒክ ከባዶ አይጀምርም፤ ባለንብረቱም የተለወጠው ዕቃ በእርግጥ ጉድለቱን ማስተካከሉን በራሱ ዓይን ያያል።

ዕውቀቱ ከነዳጅ መኪኖች ጋር አብሮ የሚያረጅም አይደለም። ወደ አገር እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም፤ ነገር ግን ለመብራቱ፣ ለበሮቹና ለኮምፒዩተሮቹ የሚያገለግል ባለ 12 ቮልት ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ አላቸው፤ ይህን ባትሪ የሚሞላው ከዋናው ባትሪ ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ የሚያመጣ መለወጫ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ክፍል ልዩ ሥልጠና ለወሰደ ባለሙያ የሚተው ሲሆን፣ በ12 ቮልቱ በኩል ግን የዛገ መጋጠሚያ እንደ ቀድሞው ቮልት ያስቀራል፤ የሚገኘውም እንደ ቀድሞው ጭነት ተጭኖበት በሁለት ነጥቦች መካከል ሲለካ ነው።